በቀጰዶቅያ ሰማይ በባሎን

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እናታችንንና ባለቤታችንን ይዘን ወደ ቱርክ አገር ሄደን ነበር። የመንገዱ ምክንያት የእናታችን ፈቃድ ነው። እናታችን ዕድሜያቸው ሰባ አራት ዓመት ሆኖአል፤ ተወልደው ያደጉት በመንዝ ነው፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋራ በእግራቸው ላሊበላ ደርሰው መመለሳቸውንም እንደ ትናንት ነገር አድርገው ይተርኩታል። ካህናቱ በባስልዮስ ቅዳሴ በቀደሱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «የዚህ የባስልዮስ አገሩ ወዴት ነው?» እያሉ ብዙ ጊዜ ይጠይቁን ነበር። እኛም ቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ ካይሴሪ ተብላ በቱርክ አገር እንደምትገኝ ብንነግራቸው፥ «እንግዲያስ ዐይኔ ሳይፈዝ አሳየኝ፤» አሉን።

ከአዲስ አበባ እስከ ኢስታንቡል፥ ከኢስታንቡልም እስከ ካይሴሪ በአሮፕላን ሄድን። የቱርክ አገር ሰዓት ከእኛ አገር ሰዓት ጋራ አንድ ስለ ሆነ፥ እንደ ሌላው የሩቅ መንገድ የእጅ ሰዓታችንን ማዞር አላስፈለገንም። ካይሴሪ ስንደርስ ኤርጅየስ የሚባለውን ተራራ ከከተማይቱ በላይ ቆሞ፥ በራሱ ላይ ጥቂት በረዶ ጣል አድርጎ አየነው፤ ከፍታው ከ3,900 ሜትር ይበልጣል። ቅዱስ ባስልዮስ ከ370 እስከ 379 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ጳጳስ ነበር። (ይህንና ከዚህ በኋላ የምንጽፈውን የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መጻፋችንን ክቡራን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።) ከከተማይቱም ውጭ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ታላቅ መጠለያ ማሠራቱ በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬ ካይሴሪ የፋብሪካና የንግድ ከተማ ናት። እናታችን ብርዱ ቢጠናባቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ «ያ ሁሉ ጾም በዚህ ቍር ነው እንዴ?» ብለው ለባስልዮስ አዘኑለት።

ከካይሴሪ ወደ ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በኦቶሞቢል ሄደን ጎሬሜ ከምትባለው መንደር አደርን። የዚህ አገር መልክ ሌላ ነው። በጥንት ዘመን፥ ሰው ገና ሳይኖር፥ በዙሪያው ያሉት የእሳት ተራሮች አመድ እየተፉ አገሩን ሁሉ አለበሱት፤ አመዱም በዘመን ብዛት ጠንክሮ በመጥረቢያ የሚፈለፈል ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። ከላዩ ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ ጠንካራ ጥቍር ድንጋይ ተነጠፈበት። ከዚህ በኋላ ዝናምና ነፋስ ለስላሳውን ሲበሉት፥ ጠንካራው ድንጋይ ባረፈበት ስፍራ ብቻ ዓምድ ዓምድ እየሆነ ቀረ። ስለዚህ ሸለቆው ሁሉ ቆብ የደፉ መነኰሳት የተሰበሰቡበት ይመስላል። ቱርኮች ግን እነዚህን ዓምዶች የፔሪዎች ጭስ መውጫ ይሉአቸዋል፤ ፔሪ ማለት በተረት የሚነገር ረቂቅ ፍጡር ነው። ሰውም ዐለቱን እየፈለፈለ ቤት፥ ጎተራ፥ የርግብ ማደሪያና ቤተ ክርስቲያን አድርጎበታል። እኛ ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ራሱ ከዐለት የተፈለፈለ ነው።

በዚያች ማታ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ በትናንሽ ብርጭቆ ሻይ አቅርቦልን፥ «ለባሎን የምትነሡት ነገ ነውን ከነገ ወዲያ?» ብሎ ጠየቀን። ወደ ጎሬሜ የመጣ እንግዳ ሁሉ በባሎን ሳይወጣ ይመለሳል ብሎ አያስብም። እናታችን ነገሩ እንዲተረጐምላቸው ፈለጉ።

«በእሳት በሚሞቅ አየር ወደ ላይ የሚወጣ ታላቅ ፊኛ አለ፤ ከሥሩም ቅርጫት ተንጠልጥሎአል፤ ሰው በቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ አገሩን ከላይ ያያል ነው የሚለው፤» አልናቸው።

«መሪው ከወዴት ነው?»

«መሪ የለውም፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል።»

እናታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በል እንግዲያ እኔንም ጻፈኝ፤» አሉን።

ወዲያው ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ በስልክ ጠራን፤ ነገሩን ብናጫውተው ተቈጣ። «እናታችንን ለነፋስ ልትሰጥ ነው የወሰድሃቸው? በ2013 ዓ.ም. በግብፅ አገር በሉክሶር ባሎን በእሳት ተያይዞ ወድቆ 19 ሰዎች መሞታቸውን አልሰማህምን? በዚያው ዓመት በዚያው አንተ ባለህበት አገር ሁለት ባሎኖች ተጋጭተው ሰው አልሞተምን?» አለን። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ የምንመልሰውም ቃል አጣን። ሁለት ልብ ሆነን ከባለቤታችን ጋራ ተማከርንና፥ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፥ ሁለታችን ብቻ ልንሄድ፥ ለእናታችንም «ቦታ ሞልቶአል» ልንላቸው ተስማማን። ባለቤታችን «ቢያውቁብንሳ?» ብትለን፥ «በዚያ ሌሊት ማን ይነቃል?» አልናት።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከግማሽ ሲሆን ጫማችንን በእጃችን ይዘን በቀስታ ወጣን። እናታችን ቀሚሳቸውን በመቀነት አጥብቀው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በደጁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የያዝነውን ጫማ ግን አዩት። ምን እንደምንል ግራ ገብቶን ስንቆም የባሎኑ ኦቶሞቢል ነጂ መጣና «ዛሬ ነፋስ አለ፤ ተሰርዞአል፤» አለን። እንዲህ አድርጎ ነፋሱ ከኀፍረት አወጣን። በዚያው ቀን ጠዋት ሄደን ለሦስት ሰው አስመዘገብን።

በዚያ ቀን በጎሬሜ ያሉትን ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ተመለከትን። መንግሥት ሙዚየም አድርጎ ይጠብቃቸዋል፤ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮም በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ከእነዚህም አንዱ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ ብርሃን የሚገባው በትንሽ መስኮት ብቻ ስለ ሆነ የግድግዳው ሥዕል ቀለሙ ሳይለቅ ቆይቶአል። በሌላው ደግሞ፥ የእባብ ቤተ ክርስቲያን በሚሉት፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሎአል። እናታችን ይህን ሲያዩ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ከአገራቸው ሰው ጋራ በባዕድ አገር እንደ ተገናኘ ሰው ሆኑ። ሁሉንም ከተመለከቱ በኋላ የሰጡት ፍርድ ይህ ነው፤ «የላሊበላው ከዐለቱ ወጥቶ ቆሞአል፤ የዚህ አገሩ ደግሞ ዐለቱ ውስጥ ተደብቆአል።» ስለ ሁለቱ አገር ሥራ ብዙ መጽሐፍ አንብበናል፤ ከዚህ የበለጠ አጭርና ትክክለኛ ቃል ግን አላገኘንም።

በሁለተኛው ሌሊት ሦስታችንም ሄድን። ባሎኖቹ ከሚነሡበት ሜዳ ስንደርስ ገና ጨለማ ነበር፤ ጨርቁ በየስፍራው በመሬት ላይ ተዘርግቶአል፤ ሠራተኞቹ እሳት አንድደው ይሞቃሉ። በዚያ አገር አንድ ባሎን ነጂ በራሱ ፈቃድ አይነሣም። የአየሩን ጠባይ የሚመለከት የመንግሥት ክፍል አለ፤ አረንጓዴ ምልክት ሲሰጥ ይነሣሉ፥ ብጫ ሲሆን ይጠብቃሉ፥ ቀይ ሲሆን ይመለሳሉ። በዚያ ማለዳ ብጫ ስለ ነበረ ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። እኛም ለእናታችን የባሎንን ታሪክ ነገርናቸው፤ ለአንባቢዎቻችንም በዚሁ ስፍራ ብንነግር ይሻላል።

ባሎን ከአሮፕላን 120 ዓመት ይቀድማል። በፈረንሳይ አገር በአኖኔ ከተማ ዦዜፍና ኤትየን ሞንጎልፍዬ የሚባሉ የወረቀት ፋብሪካ ባለቤቶች ልጆች ነበሩ። በወረቀት የተለበጠ የጨርቅ ከረጢት ሠርተው፥ ከሥሩ እሳት አንድደው በሰኔ ወር 1783 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት ወደ ሰማይ ሰደዱት። በመስከረም በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በንጉሡ በ16ኛው ሉዊ ፊት አንድ በግ፥ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ ጭነው ቢያወጡአቸው ሦስቱም በደኅና ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሰው ይውጣ ቢባል፥ ንጉሡ ሞት የተፈረደባቸውን ወንጀለኞች ለመስደድ አስቦ ነበር ይባላል። ይህ ክብር ለወንጀለኛ አይገባም ብለው የተከራከሩ ሰዎች ስላሉ ግን፥ በኅዳር 21 ቀን ፒላትር ደ ሮዚዬ የተባለ ወጣት ሊቅና ማርኪ ዳርላንድ የተባለ መኰንን ወጥተው በፓሪስ ከተማ ላይ 25 ደቂቃ ያህል ሄዱ። የሚያነዱት ገለባ ስለ ነበረ ጨርቁን እሳት እየበሳው፥ ማርኪው በውሃ በራሰ ስፖንጅ ያጠፉት ነበር። ፒላትር ደ ሮዚዬ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1785 ዓ.ም.፥ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ አገር እሄዳለሁ ሲል ወድቆ ሞተ። ዛሬ የምናየው ዐይነት፥ በናይሎን ጨርቅና በፕሮፓን ጋዝ የሚሠራው፥ በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኔብራስካ ኤድ ዮስት የተባለ ሰው ያወጣው ነው።

ምስጢሩም ሩቅ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ የማለዳ አየር ቢመዘን ከ1.2 ኪሎ ግራም አያንስም፤ ያው አየር መቶ ዲግሪ ቢሞቅ ስለሚሰፋ በዚያው ስፍራ የሚቀረው ከአንድ ኪሎ በታች ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚሸከመው ሩብ ኪሎ ብቻ ነው። ሃያ ሰው፥ ቅርጫቱን፥ የጋዙን ጋን ሁሉ፥ ሁለት ሺሕ ኪሎ የሚሆን ሸክም ለማንሣት ስምንት ሺሕ ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ባሎን ያን ያህል የገዘፈው ስለዚህ ነው። ማለዳ መነሣቱም እንግዳን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ይረጋል፤ ፀሓይ ምድርን ካሞቀች በኋላ ግን ሞቃቱ አየር ከየስፍራው እየተነሣ ባሎኑን ያናውጠዋል። እናታችን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ዶሮው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁን፤ አላወቅንም።

አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ ምልክቱ ቀይ ሆነ። አንድ መንገደኛ ከሩቅ አገር መምጣቱን፥ ነገም ወደ አገሩ መመለሱን እየተናገረ በነጂው ላይ እጅግ ጮኸበት። እውነቱን ለመናገር እኛም በልባችን ከጯኺው ጋራ ነበርን፤ ከምንቆምበት ነፋሱ ቅጠል አያንቀሳቅስም ነበርና። ነጂው ዕድሜው ወደ አምሳ የሚሆን፥ ፊቱ ፀሓይ የጠቈረበት ሰው ነው፤ አልተቈጣም። «ጌታዬ፥ ነፋሱ ከላይ ነው። እዚህ ቆሞ ወደዚያ መውጣትን ከመመኘት እዚያ ሆኖ ወደዚህ መውረድን መመኘት ይከፋል፤» አለው። ገንዘባችንንም ሳይከራከሩ መለሱልን። እናታችን ነገሩን ብንተረጕምላቸው ነጂውን ዳግመኛ አተኵረው አዩትና «ከዚህ ሰው ጋራ እሄዳለሁ፤» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የወንድማችን ነገር ከልባችን ቀለለ።

በሦስተኛው ማለዳ አረንጓዴ ሆነ። ነገር ግን ሌላ እንቅፋት መጣ። ባሎን ሲወርድ ቅርጫቱ ከመሬት ሊጋጭና ሊጐተት ስለሚችል፥ ተሳፋሪ ሁሉ ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ፥ ጕልበቱን አጥፎ ዝቅ ብሎ፥ በውስጥ ያለውን የገመድ እጀታ መያዝ አለበት። ነጂው እናታችንን አይቶ በአክብሮት ቀረበና «ቴይዜ» አላቸው፤ በቱርክ ቋንቋ አክስቴ ማለት ነው፤ ዘመድ ባልሆነች ሽማግሌ ሴት ላይም የሚነገር የክብር ቃል ነው። «ጕልበትዎን ማጠፍ ካልቻሉ አልወስድዎትም፤ ይህን የምለው ስለምወድዎት ነው፤» አለ። እኛም ተረጐምንላቸው።

እናታችን ነጠላቸውን አደግድገው በሜዳው ላይ ሰገዱ። ተነሡ፤ ደግመው ሰገዱ፤ ተነሡ፤ ሦስተኛም ሰግደው እንደ ብላቴና ብድግ አሉ። ስንት ዐቢይ ጾም የሰገደ ጕልበት መሆኑን ነጂው ከወዴት ያውቃል? እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ሠራተኞቹም አጨበጨቡ። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብሎ «አሁን ደግሞ እርስዎ፤» አለን። ጕልበታችን ቋ ሲል ባለቤታችን ከሳቋ የተነሣ መቆም አቃታት።

በዚህ ጊዜ ታላላቅ ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በጨርቁ ውስጥ እየነፉ አበጡት፤ ቀጥሎም ነጂው ማንደጃውን ከፈተ። የነበልባሉ ድምፅ የአንበሳ ግሣት ይመስላል። ተኝቶ የነበረው ባሎን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ቅርጫቱ ከቀጭን እንጨት የተጐነጐነ ነው፤ ቁመቱ እስከ ደረት ይደርሳል፤ በውስጡም በየክፍሉ ተከፋፍሎአል። በጎኑ እግር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ እናታችን በእርሱ እየረገጡ ገቡ። እንዴት እንደ ተነሣን አላወቅንም። ከሥራችን ያለው ሠራተኛ እጁን ሲያወዛውዝ አየነውና ለምን እንደሚያወዛውዝ ስናስብ፥ እርሱ እያነሰ ሲሄድ አስተዋልን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንጽፍ የራሳችንን ድካም መሰወር አይገባንም። ስለ እናታችን ሁለት ሌሊት የተጨነቅን እኛ፥ ምድር ስትርቅ በሁለት እጃችን የቅርጫቱን ጠርዝ ይዘን ዐይናችንን ጨፈንን። ምን ያህል እንደ ቆየን አናውቅም። በእጃችን ላይ የእናታችን እጅ ዐረፈ፤ «ክፈት፤ ምንም የለም፤» አሉን። ከፈትን።

የሚያስደንቀው ጸጥታው ነው። ባሎን ከነፋስ ጋራ ስለሚሄድ በቅርጫቱ ውስጥ ነፋስ አይሰማም፤ የእናታችን ነጠላ ጫፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ማንደጃው በተዘጋ ጊዜ የመንደሩ ውሻ ሲጮኽ፥ አህያ ሲያናፋ፥ ዶሮ ሲጮኽ እስከ ላይ ይሰማል። አሮፕላን ተቀምጦ አገር ማየት ሥዕል እንደ ማየት ነው፤ ይህ ግን አገሩ ከነድምፁ፥ ከነጭሱ ሽታ ወደ አንተ የሚመጣ ነው። እናታችን ዶሮውን ጆሮአቸውን ሰጥተው ሰሙትና «ልክ እንደ እኛ አገር ነው የሚጮኸው፤» አሉ።

ፀሓይ በኤርጅየስ ወገን ብቅ ስትል ከግራና ከቀኝ፥ ከላይና ከታች ባሎን ሞልቶ ታየ፤ ቀይ፥ ብጫ፥ ሰማያዊ፥ ዝንጕርጕር። ስልሳ ሰባት ድረስ ቈጥረን ተሳሳትን። ከእነርሱ አንዱ ማንደጃውን ሲከፍት እንደ ፋኖስ ከውስጡ ይበራል። ነጂው ከፍ ካለ በኋላ መልሶ ወደ ሸለቆ አወረደን። መሪ የለውም ያልነውም እውነት ሆኖ ሳለ ሌላ ጥበብ አለው፤ ነፋስ በየከፍታው አቅጣጫው ልዩ ልዩ ነው። በሸለቆው ውስጥ ቀዝቃዛው አየር እንደ ወንዝ ቍልቍል ይፈሳል፤ ከላይ ደግሞ ወደ ሌላ ይነፍሳል። ነጂው የሚፈልገውን ነፋስ ለማግኘት ይወጣል፥ ይወርዳል፤ በማይወደው ነፋስ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ለወደደውም ቢሆን አያዝዝም። በቤተ መንግሥትም ሆነ በጽሕፈት ቤት ያገለገለ ሰው ይህን ጥበብ ሳያውቀው አይቀርም።

ከአንድ የድንጋይ ዓምድ አጠገብ ስናልፍ ረድፍ ረድፍ ትናንሽ መስኮቶች አየን፤ የርግብ ማደሪያ ነው። የአገሩ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ርግብ የሚያኖረው ለሥጋው አይደለም፤ ኵሱን ሰብስቦ ለወይኑ ፍግ ያደርገዋል፤ በዚህ በአመድ ምድር ወይን፥ አፕሪኮትና ዱባ የሚበቅለው በዚህ ብልሃት ነው። አንዳንዱም ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲለቅቀው የርግብ ቤት ሆኖ ነበር። ነጂው በጣቱ እያሳየ ይህን ሲነግረን እናታችን «የሰገዱበት ሰዎች ወዴት ሄዱ?» ብለው አስጠየቁን። በ1923 ዓ.ም. የግሪክና የቱርክ መንግሥታት ሕዝብ ሲለዋወጡ የዚህ አገር ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ፥ የግሪክ አገር እስላሞችም ወደ ቱርክ እንዲሄዱ ተደረገ። ነጂውም «የአያቴ እናት በዚያን ጊዜ ከግሪክ አገር የመጣች ናት፤ የተወችውን ቤት እስክትሞት ታነሣው ነበር፤» አለን። ይህን ከተናገረ በኋላ ማንደጃውን ከፈተ፤ ብዙ ጊዜም አልዘጋውም።

ከፍታችን ከሁሉ በበለጠ ጊዜ ነጂው መለኪያውን አሳየን፤ ከምድር 700 ሜትር ያህል ርቀናል። ባለቤታችን ወደ ታች ማየት ፈራች። እኛ ግን ሒሳብ አድርገን ሳቅን፤ ጎሬሜ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፥ ያለንበት ከፍታ ሁሉ ተደምሮ 1,800 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መንዝማ 3 ሺሕ ሜትር ይደርሳል። ለእናታችን ብንነግራቸው ከቅርጫቱ ወደ ታች ተመልክተው «እንግዲያ ገና ቈላ ነኝ ማለት ነው፤» አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ነጂው በራዲዮ ተነጋገረ፤ ከታች የሚከተለን ካሚዮን አቧራ እያስነሣ ወደ አቫኖስ መንገድ ሲታጠፍ አየነው። አቫኖስ በቀይ ወንዝ አጠገብ ያለች የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት፤ ወንዙ ቀይ ጭቃ ስለሚያመጣላት ከጥንት ጀምሮ ሸክላ ትሠራለች። ዱባው ተለቅሞ ባለቀበት እርሻ ላይ ስንደርስ ነጂው ድምፁን ለውጦ «ቦታችሁን ያዙ፤» አለ። ሁላችን ተንበረከክን። ቅርጫቱ መሬት ነካ፤ እንደ ፈረስ ዘለለ፤ ዳግመኛ ነካና ጥቂት መንገድ አፈሩን እያረሰ ተጐተተ፤ ዘመም አለ፤ እንደ ገና ተቃና፤ ቆመ። ከኋላችን ያለ ሰው ጮኸ፥ የባለቤታችን ቦርሳ በራሳችን ላይ ወደቀ። ወደ እናታችን ዞር ብንል ጕልበታቸውን አጥፈው፥ ገመዳቸውን ይዘው፥ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የጀመሩትን ጸሎት ሳይፈጽሙ ቀና አላሉም።

የእርሻው ባለቤት ከልጅ ልጁ ጋራ መጣ። ነጂው ወርዶ ሰላምታ ሰጠው፤ ስለ እርሻው ተነጋገሩ፤ ተሳሳቁም። ብላቴናው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ የአገሩ ልማድ ነውና የእናታችንን እጅ ስሞ በግንባሩ ላይ አደረገ። እናታችንም ራሱን ስመው በአማርኛ መረቁት፤ ብላቴናው የገባው ይመስል አንገቱን ደፍቶ እስኪፈጽሙ ጠበቀ። ሽማግሌውም ከካሚዮኑ አጠገብ ከተቀመጠው ሣጥን ወይን አምጥቶ ሰጠን፤ ከባሎን ከወረዱ በኋላ ለእንግዳ የሚከፈተውን የሻምፓኝ ጠርሙስ ትተን ያን በላን።

ማታ ወንድማችን በስልክ ሲጠራን እናታችን «እኔ እነግረዋለሁ፤ ስጠኝ፤» ብለው ተቀበሉን። ስለ እሳቱም፥ ስለ ከፍታውም፥ ቅርጫቱ ስለ መዝለሉም አንዳች አልነገሩትም። ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፥ ስለ ወይኑና ስለ ብላቴናው ከነገሩት በኋላ «ዶሮአቸው እንደ እኛው ዶሮ ነው የሚጮኸው፤ ከላይ ሰማሁት፤» አሉት። ወንድማችን «ከላይ ከወዴት?» ሲል ስልኩን መልሰው ለእኛ ሰጡን።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ካይሴሪ ስንነሣ ነፋስ ነበር፤ ሰማዩ ባዶ ነው፤ አንድ ባሎን አልወጣም። የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ሣጥናችንን እየጫነ፥ የዛሬዎቹ እንግዶች ሁሉ ከሜዳው ተመልሰው ዳግመኛ መተኛታቸውን ነገረን። እናታችን ግን እስከ ኤርጅየስ ግርጌ ድረስ በመስኮት አሻቅበው ይመለከቱ ነበር።